ሕመሙ ሲያገረሽ፦ የካምፓላው የሊምፎማ ሕክምና ሙከራ

የሕክምና ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ተስማሚ የአማርኛ ቃል በማጣት ነው። አልፎ አልፎ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሕመምተኛ ተሽሎት ሳለ ዳግመኛ ሲታመም እንግሊዝኛው «ወደ ኋላ ተንሸራተተ» በሚል ስሜት ይገልጸዋል፤ የተንሸራተተው ሰውየው ነው። አማርኛ ግን «አገረሸበት» ይላል። አድራጊው ሕመሙ ነው፣ ሰውየው የተደረገበት ነው። ወባ ያገረሻል፣ ቁስል ያገረሻል፣ የታረቀ ጠብ እንኳ ያገረሻል። ከዚህ በታች ለሚተረከው ታሪክ የአማርኛው አነጋገር ይበልጥ ይስማማል። ታሪኩ ጥቂት ሐኪሞች ያገረሸ ነቀርሳን የሕክምና መጨረሻ አድርገው ከመቀበል ይልቅ ሕመሙ ለምን፣ መቼና ከየት ተመልሶ እንደመጣ የጠየቁበት ታሪክ ነው። ቦታውም ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በካምፓላ ከተማ፣ በሙላጎ ኮረብታ ላይ ነው።

ሊምፎማ ሰውነትን ከበሽታ ከሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ወገን ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ ሲባዛ የሚፈጠር ነቀርሳ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት በሚታይ ንፍፊት ይጀምራሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ሕፃናት ላይ የታየው ግን መልኩ ለየት ያለ ነበር። በ1957 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሙላጎው ሐኪም ሂው ትራውል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ለዴኒስ በርኪት አሳዩ። የልጁ መንጋጋ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም አብጦ ነበር። ቢላዋ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም። ጥቂት ቆይቶም በርኪት በጂንጃ ሆስፒታል ሳሉ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከቱ፣ ፊቱ በዚያው ሁኔታ ያበጠ ሌላ ልጅ አዩ። አንድ ጊዜ የታየ ነገር እንግዳ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲታይ ግን ሐኪምን እንቅልፍ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በብዙ መጻሕፍት ስለተተረከ በአጭሩ እንለፈው። በርኪት በ1958 ስለ ዕጢው ጻፉ፤ በካምፓላ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ደዌ ሊቃውንት ግሪጎሪ ኦኮነርና ዴቪስ ዕጢው ከሊምፎማ ወገን መሆኑን ለዩ። በርኪት በ1961 ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በአሮጌ መኪና ወደ ደቡብ አፍሪካ ድረስ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሕመሙ የሚገኝባቸውን ስፍራዎች በካርታ አሰፈሩ። የዕጢው ካርታ ወባ ከሚበዛባቸው ሞቃትና ርጥብ ቆላዎች ጋር ገጠመ፤ ወደ ደጋ ሲወጡ ሕመሙ ይጠፋል። በአውሮፕላን ወደ ለንደን ከተላከው የዕጢ ቁራጭም አንቶኒ ኤፕስተን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር በ1964 እስከዚያ ያልታወቀ ቫይረስ አገኙ። ዓለም ከሞላ ጎደል የሚያስታውሰው እስከዚህ ያለውን ነው። ዕጢውም የበርኪት ሊምፎማ ተብሎ ቀረ። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የማያንሰው ቁም ነገር የተሠራው በርኪት ከኡጋንዳ ከወጡ በኋላ ነው።

በዘመኑ ካምፓላ የጨረር ሕክምና መሣሪያ አልነበራትም። ቀዶ ጥገናም እንዳልነው አይሆንም። ስለዚህ የቀረው መንገድ መድኃኒት ብቻ ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሐኪሞች ነቀርሳን በመድኃኒት ማዳን ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ገና በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በርኪት በካምፓላ፣ ፒተር ክሊፈርድ ደግሞ በናይሮቢ፣ ሜቶትሬክሴትንና ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉ መድኃኒቶችን ለሕፃናቱ መስጠት ጀመሩ። ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ነበር። የበርኪት ዕጢ ሕዋሳቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን እጥፍ የመሆን ዐቅም ያላቸው፣ በሰው ላይ ከሚታወቁት ዕጢዎች ሁሉ በፍጥነት የሚያድግ ነው፤ መድኃኒቶቹ ደግሞ ይበልጥ የሚመቱት በመከፋፈል ላይ ያለን ሕዋስ ነው። ስለዚህ የልጁን ፊት ያጣመመው ዕጢ በቀናት ውስጥ ይሟሽሽ ነበር። ጥቂቶቹ ልጆች አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መድኃኒት ወስደው ለዘለቄታው ዳኑ። ሌሎቹ ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። አገርሽቶባቸው ነበር።

በ1967 የአሜሪካ ብሔራዊ የነቀርሳ ተቋምና የማከረሬ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር በሙላጎ የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል አቋቋሙ። ኋላ የኡጋንዳ የነቀርሳ ተቋም የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ዚግለር የተባሉ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። ዚግለር የመጡበት ተቋም በዚያን ጊዜ አንድ አዲስ ሐሳብ የሚብላላበት ቤት ነበር፤ እርሱም የመድኃኒቶች ቅንጅት ነው። ሐሳቡ ለእኛ አካባቢ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ቢሰጠው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምድና ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለትና ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጥ ግን ሁሉንም የሚቋቋም ባክቴሪያ ማግኘት እጅግ ይቸግራል። ኤሚል ፍራይና ኤሚል ፍራይራይክ በቤቴዝዳ ይህንኑ ስሌት ወደ ደም ነቀርሳ ወሰዱት፤ ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ሆጅኪን ለተባለው የሊምፎማ ዓይነት አራት መድኃኒቶችን አቀናጁ።

በካምፓላ በእጅ የነበሩት ዋና መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። ሳይክሎፎስፋማይድ የሕዋሱን ዘረ መል እርስ በርሱ እያጣበቀ ሕዋሱ እንዳይባዛ ያደርጋል። ሜቶትሬክሴት ሕዋሱ ዘረ መል የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ይነፍገዋል። ቪንክሪስቲን ደግሞ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ዘረ መሉን ወደ ሁለት ወገን የሚጎትቱትን ክሮች ያፈርሳል፤ ይህ መድኃኒት የሚወጣው ከማዳጋስካር ደሴት ከሚገኝ የአበባ ተክል ነው። ሦስቱ ሕዋሱን የሚመቱት በተለያየ ስፍራ ነው፤ የሚያስከትሉትም ጉዳት በሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሳይክሎፎስፋማይድና ሜቶትሬክሴት መቅኒን ሲያደክሙ ቪንክሪስቲን በይበልጥ የሚጎዳው ነርቭን ነው። ለማቀናጀት የሚያመቸውም ይህ ልዩነታቸው ነው።

ዚግለርና ባልደረቦቻቸው ግን መድኃኒት ከመደራረብ በፊት ያገረሸባቸውን ልጆች መዝገብ አንድ በአንድ አገላበጡ። ፋታ ካገኙት ልጆች ግማሽ ያህሉ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ነበር። የሁሉም አገረሸት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አንደኛው ወገን ሕክምናው ከተጀመረ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ዕጢው መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ላይ ያገረሸባቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ የቀድሞው መድኃኒት ከእንግዲህ አይሠራም፤ ከመጀመሪያው ውጊያ የተረፉት ሕዋሳት መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ነበሩና። ሁለተኛው ወገን ከዚያ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ዓመት አልፎት፣ ብዙ ጊዜ በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ያገረሸባቸው ናቸው። የሚያስደንቀው እነዚህ ናቸው። ያንኑ የመጀመሪያውን መድኃኒት መልሰው ሲሰጧቸው ዕጢው እንደገና ሟሸሸ።

ስለዚህ የዘገየው አገረሸት በእርግጥ የዚያው ዕጢ ቅሪት ነውን? ከናይሮቢ የክሊፈርድ ታካሚዎች የተወሰዱ ናሙናዎች የተመረመሩበት ጥናት ለዚህ ፍንጭ ሰጠ። በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም ሁለት መልክ አለው፤ አንድ ዕጢ ከአንድ ሕዋስ የተራባ በመሆኑ ከሁለቱ አንዱን መልክ ብቻ ይይዛል። በቶሎ ያገረሸው ዕጢ የመጀመሪያውን መልክ ይዞ ሲገኝ፣ ዘግይተው ካገረሹት መካከል ግን አንዳንዶቹ ሌላውን መልክ ይዘው ተገኙ። እነዚህ ልጆች የቀድሞው ዕጢ አልተመለሰባቸውም፤ ከአዲስ ሕዋስ የተነሣ ሌላ ዕጢ ይዟቸዋል ማለት ነው። «አገረሸ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ክስተቶችን ሲሸፍን ኖሯል።

ሦስተኛ ጠላትም ነበረ። በደም የሚሰጠው መድኃኒት ወደ አንጎልና ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚገባ አይደርስም። ዕጢው በሆድና በመንጋጋ ጠፍቶ ሳለ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና የልጁ የፊት ነርቭ ይሽባል፣ እግሩ ይሰንፋል። ለዚህ መድኃኒቱን በመርፌ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ፈሳሹ መስጠት አስፈለገ፤ ሜቶትሬክሴትና ሳይታራቢን ለዚህ ዋሉ። ሳይክሎፎስፋማይድን እምቢ ያለውን ዕጢም በቪንክሪስቲን፣ በሜቶትሬክሴትና በሳይታራቢን ለማሸነፍ ተሞከረ። ሕክምናው ያለ አደጋ አልነበረም። ትልቅ ዕጢ በአንድ ጊዜ ሲፈርስ በደም ውስጥ የሚለቀው ቆሻሻ ኩላሊትን ይዘጋል፣ ልብንም ያቆማል። ዕጢው እየጠፋለት የሚሞት ልጅ ማየት ለሐኪሙም ለእናቲቱም ምን ያህል መራራ እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወሳኙ ጥያቄ ቀረበ። መድኃኒቶቹን ከመጀመሪያው ማቀናጀት ይሻላል ወይስ በአንዱ ጀምሮ ለሚያገረሽበት ልጅ ሌሎቹን ማቆየት? ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ተመደቡ፤ ከፊሎቹ ሳይክሎፎስፋማይድን ብቻ፣ ከፊሎቹ ሦስቱን በቅንጅት ወሰዱ። በዕጣ መመደብ የሚለው አነጋገር ለብዙ ጆሮ ይከብዳል፤ በልጅ ሕይወት ላይ ዕጣ ይጣላል ወይ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ሐኪሙ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳያውቅ ሲቀር፣ ምደባው በእርሱ ስሜት ወይም በሕመሙ ክብደት ከተከናወነ፣ በመጨረሻ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ይሁን የታካሚው ሁኔታ ለመለየት አይቻልም። እርግጥ የታካሚን ፈቃድ የመጠየቁ ሥርዓት በዚያን ጊዜ ዛሬ በምናውቀው መልክ አልተደላደለም ነበር። የሄልሲንኪ መግለጫ ከወጣ እንኳ ገና ጥቂት ዓመታት ነበር። ገንዘቡም መድኃኒቱም ከአሜሪካ፣ ታካሚዎቹ ከኡጋንዳ መንደሮች መሆናቸው ሊያስጠይቅ ይገባል። የእኔ ሚዛን ግን የሚያርፈው በሌላ ነጥብ ላይ ነው፦ ዕጣው ያልሰመረለት ልጅ ሲያገረሽበት አልተተወም።

ውጤቱ በ1976 ታተመ። ቀዳሚው ጸሐፊ ኡጋንዳዊው ዶክተር ቻርልስ ኦልዌኒ ናቸው፤ ዚግለር ከሄዱ በኋላ ማዕከሉን የተረከቡት እርሳቸው ነበሩ። ቅንጅቱን የወሰዱት ልጆች ፋታቸው ረዘመ፣ አገረሸትም ቀነሰላቸው። በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ምክንያቱ በአንድ መድኃኒት ታክመው ካገረሸባቸው ልጆች መካከል ከፊሎቹ በሁለተኛው ሕክምና በመትረፋቸው ነው። ይህን ውጤት ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ላይ ላዩን ሲታይ ቅንጅቱ አልረታም የሚያሰኝ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይናገራል፤ ያገረሸበት ልጅ የሞተ ልጅ አይደለም። ኢያን ማግራዝና ዚግለር አገረሸትን ለመከላከል የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሆነውን ቢሲጂን ሞክረው አለመሥራቱንም በዚያው ዓመት ጻፉ። ያልሠራን ነገር አልሠራም ብሎ ማተም በሳይንስ ዓለም ከሚታሰበው በላይ ያልተለመደ ጨዋነት ነው።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። ኢዲ አሚን ሥልጣን የያዙት በጥር 1971 ነው። በ1972 እስያውያን ተባረሩ፤ በ1973 የአሜሪካ ኤምባሲ ተዘጋ። የውጭ አገር ሐኪሞች ወጡ፣ ገንዘቡም ነጠፈ። የነቀርሳ ሙከራ ደግሞ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። ልጁ ከሁለት ዓመት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንዳለ ካልታወቀ ዳነ ማለት አይቻልም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለበት ገጠር ልጁን የሚያገኘው የአባቱን ስም፣ የጎምቦሎላውን ሹምና የቅርቡን ገበያ መዝግቦ የያዘ ሰው ነው። ጎምቦሎላ በኡጋንዳ ከአውራጃ በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ዚግለር፣ ማግራዝና ኦልዌኒ የ157 ኡጋንዳውያን ሕሙማንን የአሥር ዓመት ክትትል ያወጡት በ1979 ነው፤ የታንዛንያ ጦር ካምፓላ ገብቶ አሚን የወደቁትም በዚያው ዓመት ነው። በርዕሱ ላይ «ፈውስ» የሚለውን ቃል ለመጠቀም ደፈሩ። ቃሉ የተገባ ነበር፤ ከሽብር ዘመን ማዶ ቆመው የሚቆጠሩ ወጣቶች ነበሩና። መዝገቡን ያቆዩትና መንደር ለመንደር የዞሩት ነርሶች፣ ጸሐፊዎችና አሽከርካሪዎች ስማቸው በጽሑፎቹ አናት ላይ የለም።

የሙላጎው ሥራ ዋጋ በውጭም ታውቋል። በ1972 ታዋቂው የላስከር ሽልማት ለነቀርሳ መድኃኒት ሐኪሞች በአንድነት ሲሰጥ፣ ከተሸለሙት መካከል በርኪትና ዚግለር፣ እንዲሁም በናይጄርያ ይሠሩ የነበሩት ካሜሩናዊው አኖማህ ንጉ ነበሩ።

ዚግለርና ማግራዝ በኋላ በቤቴዝዳ ሲገናኙ የካምፓላው ጥያቄ አብሯቸው ሄደ። ያገረሸ ሊምፎማ ያላቸውን ሕሙማን ከዚያ በጠነከረ ቅንጅት ማከም ቢፈለግ መቅኒው ይሞታል። መፍትሔው የሕመምተኛውን መቅኒ አስቀድሞ ቀድቶ ማቆየት፣ ከዚያም ከባዱን መድኃኒት ሰጥቶ መቅኒውን መመለስ ሆነ። በ1978 ፍሬድሪክ አፕልባውም ከእነ ዚግለርና ማግራዝ ጋር ሆነው፣ የበርኪት ሊምፎማ ካገረሸባቸው መካከል በከባድ ቅንጅት ረጅም ፋታ ያገኙ መኖራቸውን ጻፉ። ሐሳቡ በትልቅ ሙከራ የተፈተነው በ1995 በታተመው ፓርማ በተባለው ጥናት ነው። ጠንከር ያለ ሊምፎማ ያገረሸባቸው 215 ሰዎች መጀመሪያ ዴክሳሜታሶን፣ ሳይታራቢንና ሲስፕላቲን በቅንጅት ተሰጣቸው። ዕጢያቸው ለመድኃኒቱ ምላሽ የሰጠው 109ኙ ብቻ በዕጣ ተመደቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከባዱን ሕክምናና የራሳቸውን መቅኒ ካገኙት 53 በመቶው፣ የተለመደውን ቅንጅት ከቀጠሉት ደግሞ 32 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ዕጢው አሁንም ለመድኃኒት ይታዘዛል ወይስ አይታዘዝም የሚለው መለያ፣ በሙላጎ በቶሎ ያገረሸባቸውን ዘግይቶ ካገረሸባቸው የለየው ያው ሚዛን ነው።

እንዲህ ያለው ሕክምና ግን ሙላጎን ለመሰለ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የማይታሰብ ነበር። ኦልዌኒ ራሳቸው በ1982 ከአገር ተሰደዱ። ማግራዝ ኋላ ዓለም አቀፍ የነቀርሳ ሕክምናና ምርምር መረብ አቋቋሙና በ2000ዎቹ ጥያቄውን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መልሰው አመጡት። በናይሮቢ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል፣ በዳሬሰላም የኦሽን ሮድ የነቀርሳ ተቋምና በናይጄርያ ያሉ ሆስፒታሎች በአንድ ሥርዓት ተስማሙ። ኦሽን ሮድ ጀርመኖች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የሠሩት፣ ሮበርት ኮክም የሠሩበት ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ያው የካምፓላው ሦስት መድኃኒት ነው፤ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ የሚሰጠው መርፌም ተጨመረበት። ዕጢው አልጠፋ ላለ ወይም ላገረሸበት ሕመምተኛ ደግሞ ሁለተኛ መስመር ተዘጋጀ፦ አይፎስፋማይድ፣ ኢቶፖሳይድና ሳይታራቢን፣ ከእነርሱም ጋር ፊኛን የሚጠብቀው ሜስና።

በታንዛንያዊው ዶክተር ትዋሊብ ንጎማ ቀዳሚ ጸሐፊነት በ2012 የታተመው ውጤት 356 ሕሙማንን ያካተተ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ 67 በመቶው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 62 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በበለጸጉት አገሮች ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች ከዚህ ሕመም ይድናሉ። ልዩነቱን ያመጣው የመድኃኒቱ ዓይነት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር ቀለል ያለ ነው፤ ልጁ መድኃኒቱን ወስዶ በየተወሰነ ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው መስመር ሲጀመር ግን ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዶ ትኩሳት ሊነሣበት ስለሚችል ደም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ከሌሎች ሕሙማን ራቅ ያለ አልጋ ያስፈልገዋል፤ እናቱም ሌሎቹን ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ እርሻዋም አረም እየዋጠው፣ ለሳምንታት ከአልጋው ሥር ታድራለች።